የእግዜርን ፈረስ ያሰርኩ ጊዜ

ልጄ ማሕሌት ባለፈው ቅዳሜ ሦስት የውኃ ፕላስቲክ ታቅፋ ከጓሮ ገባች። ክዳናቸውን በሚስማር በስታቸዋለች። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የእግዜር ፈረስ የምትባለው ተባይ አንዳንድ አለች። በስልክ አይታ ነው። በሌላ አገር ሰዎች ዓይነታቸውን እያማረጡ እንደ ድመት በቤታቸው ያሳድጓቸዋል አለችኝ።

«አንዷን ብቻ» አልኳት።

«እሺ፣ አንዷን። ግን የቷን? እማ፣ አንቺ ብትሆኚ የቷን ትመርጫለሽ?»

አንደኛዋ የደረቀ ገለባ ትመስላለች። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፤ መልኳ እንደ ዛፍ ልጥ ግራጫ ነው። ሦስተኛዋ አረንጓዴ ናት። የሦስተኛዋን ክዳን ከፈትኩት። ማሕሌት የጌሾ ቅጠል አድርጋላት ኖሮ፣ ታፍኖ የዋለ የጌሾ ሽታ ፊቴን መታኝ።

«አረንጓዴዋን» አልኩ።

«እንዴ! ሳታስቢበት?»

 ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ልጄ ብዙ እንደማልናገር ስለምታውቅ አልተከተለችኝም። ያን ቀን ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከወንዝ ዳር ባለው መስክ አናት ላይ ነበር። በፍልሰታ ጾም ፍቺ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ደህና ነበረች፤ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተኛለች። እናቴ ግን ከአልጋ አልተነሣችም። በመጀመሪያው ቀን «ደክሟት ነው» አሉ። በሳምንቱም «ደክሟት ነው» አሉ። መስከረም ከጠባም በኋላ የሚሉት ይህንኑ ነበር። ድካም እንዲህ ረጅም ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ተማርኩ።

የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ይታይሽ ሊያስታምሙ መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ሦስተኛ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። በገቡበት ቀን ሥራ አከፋፈሉ። አባቴ ለእርሻው፣ እሳቸው ለምድጃውና ለሕፃኗ፣ እኔ ለዝንቡ።

«አንቺ ትርንጎ! ነይ ወዲህ። ይኸን ያዢ» ብለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ የዝንብ መከላከያ እጄ ላይ አኖሩ። «ከእናትሽ ፊት ላይ አንዲት ዝንብ ያየሁ እንደሆነ፣ ውርድ ከራሴ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የማስታውሰው ከአልጋው ራስጌ ሆኜ ነው። ቤቱ ጨለም ያለ ነበር። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ሲሆን፣ ጠዋት ከአልጋው እግር ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ እናቴ ጉልበት ይወጣል፤ ፊቷ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። የጤና አዳም፣ የለጋ ቅቤና በገንቦ ያደረ ጠበል ይሸታል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፤ አክስቴ በየቀኑ አንሶላ የሚያጥቡት እሱን ለማስለቀቅ ነበር። ከግድግዳው ላይ የእናቴ እንዝርት ግማሽ ፈትል እንደተጠመጠመበት ተሰክቷል። ከመውለዷ በፊት ያቆመችው ነው። እኔ እንዝርቱን እያየሁ ጭራውን አወዛውዛለሁ። እጄ ሲዝል በሌላው እቀይራለሁ። የመስከረም ዝንብ ግን አያልቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበሩ ጉበን ላይ አንዲት አረንጓዴ ነገር ቆማ አየሁ። ጣት የምታህል ናት። በጭራው ልመታት እጄን ሳነሣ፣ አክስቴ ከምድጃው ጮኹ።

«ተያት! እጅሽን ሰብስቢ! የእግዜር ፈረስ አይደለችም እንዴ?»

«የእግዜር?»

«የእግዜር ነዋ። የሱን ከብት አትንኪ።»

እጄን ሰበሰብኩ። ፈረሷ የፊት እጆቿን አጣጥፋ ቆማ ነበር፤ ልክ ቄስ የኪዳን ጸሎት ሲያደርስ እንደሚቆመው። ከዚያ አንገቷን አዙራ አየችኝ። ሌላ ተባይ ሰውን ዞሮ አያይም። እሷ ግን አየችኝ። ወዲያው እጇ ብልጭ አለና አንዲት ዝንብ ያዘች፤ ከራሷ ጀምራ በላቻት።

ትንሽነቷ አላስገረመኝም። አባ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ሰንበት ሰንበት ለልጆች ያስተምሩናል። ሰማይና ምድር የማይችሉት አምላክ በድንግል ማኅፀን ተወሰነ ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ አምላክ ጣት በምታህል ፈረስ መቀመጥ ምን ያቅተዋል? ያልገባኝ ለምን እኛ ደጃፍ እንደቆመች ብቻ ነበር።

እሱም ብዙ ሳይቆይ ገባኝ።

ጠያቂዎች ይመጣሉ። ከበሩ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ። እናቴም «አሜን፣ ያኑራችሁ» ትላለች። መጀመሪያ ጮክ ብላ ነበር የምትለው፤ በኋላ በከንፈሯ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ ጠይቀው ሲወጡ፣ እኔ ከአጥሩ ሥር የሕፃኗን ጨርቅ አሰጣ ነበር። አላዩኝም።

«ይታይሽ፣ እንዲህ ከምትሠቃይ እግዜር መጥቶ ቢወስዳት ይሻል ነበር» አሉ።

«ዝም በይ፤ ልጅቱ ትሰማሻለች።»

«እሷ ምን ታውቃለች ብለሽ ነው።»

እኔ ግን ዐወቅሁ። ሴት የወለደች እናት እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ እናቴ ወደ እግዜር መሄድ አትችልም። መምጣት ያለበት እሱ ነው። በምን እንደሚመጣ ደግሞ ከጉበናችን ላይ ቆማ በዓይኔ አይቻታለሁ።

አባቴ የሚወደው እንግዳ ቤታችን ሲያድርና በጠዋት ልሂድ ሲል፣ አባቴ የበቅሎውን ልጓም ይደብቅበት ነበር። እንግዳው ይቆጣል፣ ይሥቃል፣ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እኔም ይህን አሰብኩ። እግዜርን ለማስቆጣት አልነበረም። ፈረሱን ባጣ ጊዜ ይቆይ ይሆናል ብዬ ነው።

ግን የትኛዋ ናት ፈረሱ? መፈለግ ስጀምር አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆናቸውን አየሁ። በአጨዳው ቦታ የደረቀ ገለባ የምትመስል አገኘሁ፤ አባቴ እንዲህ ያለ መልክ ያለውን ፈረስ ዳማ ይለዋል፣ እኔም ዳማ አልኳት። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ልጥ ላይ ግራጫ አገኘሁ፤ ትንሽ ብትሆንም እንደ ጉንዳን ትሮጣለች፣ ለመያዝ ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። በተቃጠለ ቁጥቋጦ ላይ ከሰል የመሰለች ጥቁር አገኘሁ። አረንጓዴዋ ከጓሮ፣ ከጌሾው ላይ ነበረች፤ ካልተንቀሳቀሰች ከቅጠሉ አትለይም።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የቅዱሳኑን ሥዕሎች ልይ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። አባ በር ሊዘጉ ይጣደፋሉ፤ ቁልፉ ጠፍቷቸው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

«አባ፣ ነጩ ፈረስ የማን ነው?»

«የጊዮርጊስ።»

«ጥቁሩስ?»

«የመርቆሬዎስ።»

«ቀዩስ?»

«የቴዎድሮስ። ምነው ዛሬ ፈረስ አበዛሽ?»

«የእግዜርስ ፈረስ የታለ?»

«የእግዜር ፈረስ? ኤዲያ! በየሣሩ ሞልቶ የለም እንዴ!» አሉና ቁልፉን ከመጎናጸፊያቸው ውስጥ አገኙት። በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ ካህኑም መሰከሩ። መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ ተመለስኩ። ግራጫዋ ነጭ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት፤ የጊዮርጊስ ናት። ጥቁሯ የመርቆሬዎስ ናት። ዳማዋ ለቀይ የምትቀርበው እሷ ስለሆነች የቴዎድሮስ ናት። አረንጓዴ ፈረስ የተቀመጠ ቅዱስ ግን በሥዕሉ ላይ አልነበረም። አረንጓዴዋ የማንም አይደለችም። ስለዚህ የእሱ ናት። እንዲህ አድርጌ መረጥኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ከሁሉ አብልጬ ወደድኳት፤ ፈራኋትም።

ሌሎቹን ግን አለቀቅኳቸውም። ቅዱሳኑ ለእግዜር ያውሱት እንደሆነስ?

ከጎተራው ጀርባ አፉ የተሰበረ እንስራ ነበር። ሣር አደረግሁበትና አራቱንም ከተትኳቸው። ከላይ የአክስቴን ወንፊት ደፍቼ ድንጋይ ጫንኩበት።

«ወንፊቴን ማን በላው?» አሉ አክስቴ በማግሥቱ። «ዱቄቱን በምን ልንፋው፣ በቀሚሴ?»

«አይጥ ወስዶት ይሆናል» አለ አባቴ።

«ያንተ ቤት አይጥ ዱቄት ይነፋል እንዴ?»

አባቴ ሊሥቅ ፈልጎ ወደ አልጋው አየና ተወው።

በሦስተኛው ቀን ወንፊቱን አነሣሁ። ከሣሩ ላይ ክንፎች ተበትነዋል፤ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ገለባማ። አንድ ባለ መጋዝ እጅ ብቻውን ወድቋል። አረንጓዴዋ ከመካከል ቆማ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ እጆቿን እንደ ድመት በአፏ ታጸዳለች። ከዚያ አጣጠፈቻቸውና ለጸሎት ቆመች።

ለቅዱሳኑ ፈረሶች አለቀስኩ። ደግሞም ደነገጥኩ። እግዜር አሁን የቀረው አንድ ፈረስ ብቻ ነው፤ እሷም በእኔ እጅ ናት። ወንፊቱን አጥቤ ከመስቀያው ላይ መለስኩት።

«አይጡ መለሰው» አሉ አክስቴ፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

ከእንዝርቱ ላይ የእናቴን ፈትል ክንድ ያህል በጠስኩ። ከፈረሷ ወገብ ላይ ላላ አድርጌ ቋጠርኩትና ሌላውን ጫፍ ከአልጋው ቋሚ ላይ አሰርኩት። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ የምቀመጠው እዚያ ነው። እሷም ዝንቡን አገዘችኝ። ዝንብ ካልጋው ጫፍ ሲያርፍ አንገቷን ታዞራለች፣ እንደ ቅጠል ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፣ ትቀርባለች፣ ትይዛለች። አንዳንዴ ጭራዬን አስቀምጬ እሷን አያለሁ።

እናቴ ያየቻት በሁለተኛው ቀን ነው።

«ምንድን ናት እሷ?»

«የእግዜር ፈረስ።»

«አምጪያት እስኪ።»

ከእጇ ላይ አኖርኳት። የእናቴ እጅ ቀላልና ትኩስ ነበር፤ አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። ፈረሷ ከመዳፏ ተነሥታ ቀስ እያለች ወደ ክንዷ ወጣች።

«ትወዛወዛለች እኮ! እስክስታ ነው?»

«ቅጠል መስላ ነው፤ ዝንቧ እንዳትለያት።»

«ብቻዋን ነች?»

«አራት ነበሩ። ይቺ በላቻቸው።»

«ውይ! እንዲህ እጇን አጣጥፋ?» እናቴ ሣቀች። ሣቁ ሳል ሆነባትና ጠበል አቀመስኳት። ሲለቃት «ከአራቱ የቷን ትወጃት ነበር?» አለችኝ።

«ይቺን።»

«እኔም ይቺን» አለች። ሌሎቹን አላየቻቸውም፤ ግን እንዲያ አለች።

ከዚያ ክሩን በጣቷ ነካችው። የራሷ ፈትል መሆኑን ዐወቀች። ወደ እንዝርቱ ቀና ብላ አየችና መለሰች።

«ለምን አሰርሻት?»

«እንዳትሄድ።»

 ሕፃኗ ከአክስቴ ጀርባ ላይ ትነጫነጫለች።

«ፍቻት ልጄ። የታሰረ ነገር ሳይ ሆዴ አይችልም።»

«ስትድኚ እፈታታለሁ።»

«ስለት ነው?»

«ስለት ነው።»

«እንግዲያው እሱ ያውቃል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

በጥቅምት መግቢያ አባቴና የሰፈሩ ወንዶች እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰዷት። ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ፈረሷን ጠበቅሁ። ዝንቡ ሕመምተኛዋ ስትሄድ አብሮ ጠፋ፤ ስለዚህ ከጓሮ እያደንኩ አመጣላት ነበር። በአምስተኛው ቀን እናቴን በዚያው ቃሬዛ መልሰው አመጧት።  አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ወስደዋት መለሷት፤ ፈረሱ ስለታሰረ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕፃኗን ሲያስጠጉላት «ስንት ቀን ሆናት?» ትለኛለች። እቆጥርና እነግራታለሁ። «ክርስትናዋን ብቻ ልይ» ትላለች። ሃምሳ ሰባት ያልኳት ትዝ ይለኛል። ስድሳ ያልኳትም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ቁጥር የነገርኳት አይመስለኝም።

አንድ ጠዋት በሩ ላይ ውርጭ ነበር። አክስቴ ከውስጥ ወጡ። አባቴ ከደጅ በሬዎቹን ያበላል።

«ዛሬ አረፍ ብላለች» አሉት። «ሌሊቱንም አላቃሰተችም።»

ሰማሁ። ገብቼ አየኋት። ከመስከረም ጀምሮ በግንባሯ ላይ የነበረው መስመር የለም። ትንፋሿ ቀስ ያለ ነው። ከብርዱ የተነሣ አንድም ዝንብ የለም። አረፈች አልኩ በልቤ፤ ስለቴ ደረሰ።

ፈረሷን ከቋሚው ፈታሁ። እሷም ብርዱ ጎድቷታል፤ እጄ ላይ እንደ እንጨት ቆማለች። ይዣት ወደ መስኩ ወረድኩ። ከወገቧ ያለው ቋጠሮ ጠብቆ አልፈታ ስላለኝ እንዳልጎዳት እየፈራሁ በጥርሴ በጠስኩት። የክሩ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ፤ ጥጥና ቅቤ። ፀሐይ የደረሰበት ሣር ላይ አኖርኳት። ፊቷን ከቤታችን አዙሬ ወደ ደጀን፣ ወደ ዓባይ በረሃ አደረግሁት፤ እግዜር ብዙ ሥራ ያለው በዚያ በኩል ይሁን ብዬ።

«ሂጂ» አልኳት።

አልሄደችም። ሞቅ እስኪላት ጠበቅኋት። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። አንገቷን አዙራ አየችኝ። ከዚያ ክንፏን ዘረጋችና በረረች። መብረር እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ሽቅብ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ከአጥራችን አጠገብ እማማ ዘርፌና ሁለት ሴቶች ቆመዋል። አክስቴ ከበሩ ላይ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። የሚያለቅስ ሰው የለም። ካህን ሳይመጣና አስከሬን ሳይገነዝ መጮኽ እንደማይገባ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ትርንጎ» አሉ አክስቴ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር። «ነይ ልጄ። እናትሽ አረፈች።»

«ተመስገን!» አልኩ።

በሙሉ ድምፄ ነው ያልኩት። አጨበጨብኩም። እማማ ዘርፌ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።  በአክስቴ ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ።

«እማ፣ ፈታኋት!»

ፊቷ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ዝንብ እንዳያርፍባት የሸፈኗት መሰለኝ። ሥራዬን ሌላ ሰው ሠርቶብኝ ቅር አለኝ። ጭራዬ ከወደቀበት አነሣሁት። ከራስጌዋ ተቀመጥኩና ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሴቶቹ ገቡ፣ ወጡ። አባቴ ገባና ከመሬት ተቀመጠ። ማንም ተይ አላለኝም። ቀሳውስቱ እስኪመጡ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

በለቅሶው ሰሞን ሴቶች በጣት ይጠቁሙኝ ነበር። «ይቺ ናት ተመስገን ያለችው» ይላሉ። አንዷ «ሕፃን ምን ታውቃለች» ስትል፣ ሌላዋ «አፏን ከፍቶ ያናገራት እሱ ነው እንጂ» ትላለች። ሁለቱም አላወቁም። ፈረሷን ፈትቼ የሰደድኳት እኔ ነኝ። ፊቷን ባዞርም ዞራ መጥታለች። መጥታ እናቴን ስትወስዳትም አመሰገንኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤታችን ምግብ ሲነሣ ሁሉም «ተመስገን» ይላል፤ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ።

በኅዳር፣ በሰማንያ ቀኗ፣ እህቴ ክርስትና ተነሣች። ያቀፏት አክስቴ ናቸው። ስትጠመቅ ጮኸች፤ ሰዉም ያለቅስ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አባ ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ፣ እማን ያስወሰድኳት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ነገርኳቸው። ስለ ጉበኑ፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ፈትሉ፣ ስለ ስለቱ። አላቋረጡኝም፤ አልሣቁምም። ስጨርስ መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«በየሣሩ ሞልቷል ያልኩሽ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይቅር በይኝ። ቁልፌ ጠፍቶኝ ነበር።»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። 

«ጌታችን በሆሣዕና በምን ገባ?» አሉኝ።

«በአህያ።»

«አህያዪቱ የማን ነበረች?»

«የሰው።»

«አየሽ፣ የራሱ ከብት የለውም። የቀረውን ሁሉ በእግሩ ነው የሄደው። ደግሞስ ከየት ይመጣል ብለሽ ነው ፈረስ ስታስሪ የከረምሽው? እናንተው ቤት ነበር። ዝንቡን ስትከለክዪ አጠገብሽ ነበር።»

«እዚያው ከነበረ ለምን አላዳናትም?»

 ከወይራው ቅጠል አንድ ሁለቱ ከፊታችን ወደቀ።

«እሱን እኔም አላውቅ» አሉ።

መጽናናቴን እንጃ። ቤታችን ነበር መባሉ እንዲያውም አስፈራኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የአልጋውን ሥር እያየሁ ነው የምገባው። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር።

«ተመስገን ያልኩትስ አባ?»

«ለማን ነው ያልሽው?»

«ለሱ።»

«ነገሩን ሳታውቂ ነው ያልሽው።»

«አዎ።»

«አውቆ የሚል ማን አለ?» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ ብለሽዋል። ከእጁ አትመልሺው።»

ከሰዓት በኋላ የክርስትናው ምግብ ሲነሣ ሁሉም «ተመስገን» አሉ። እኔም አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ጭራውን እጄ ላይ አኖሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ማሕሌት ሁለቱን ለቃ አረንጓዴዋን አስቀረች። የመስኮቱ ደፍ ላይ አኑራ እስከ ማታ ስታያት ዋለች። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት።

«ክዳኑን ክፈቺላት።»

«ትሄዳለች እኮ!»

«ከወደደች ትሂድ።»

አጉረመረመች፤ ግን ከፈተችላት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ መስኮቱ ሮጠች። የጌሾው ቅጠል ብቻ ቀርቷል።

«እማ! የለችም!»

«ተመስገን» አልኩ።

«ምኑ ነው ተመስገን? ሄደችብኝ እኮ!»

ሳላስበው ከአፌ ወጥቶ ነበር። አልመለስኩትም።